ተሳታፊ አራት

ጸሎት ሉልሰገድ እንጀራዋን የምትበላው የሰው አውራ ጣት ስልክ ላይ የት እንደሚያርፍ በመገመት ነው። ቀልድ ይመስላል እንጂ ሥራ ነው፤ ያውም ዛሬ ዛሬ ደህና የሚያበላ ሥራ። አንድ አፕ ሲሠራ ቁልፉ ከላይ ይሁን ወይስ ከታች፣ ጽሑፉ ይወፍር ወይስ ይቅጠን፣ ሰውየው ተሳስቶ ቢነካ በየት በኩል ይመለስ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። እሷ በሥዕል ያስቀመጠችውን ደግሞ ሱፊያን የሚባል ወጣት ተቀብሎ በኮድ ይጽፈውና ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቢሯቸው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብለው ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ሙያውን የት ተማርሽው ሲሏት አራት ኪሎ ትላለች። እውነት ነው፣ አራት ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራለች። ዋናውን ነገር የተማረችው ግን ከዚያ በፊት ነበር። ከማን እንደተማረችው በትክክል ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

አባቷ አቶ ሉልሰገድ ማስታወቂያ ጻፊ ነበሩ። ወርቅ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ኬክ ቤት፣ ፒያሳ ላይ በራፉ ላይ የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ያልተሰቀለበት ሱቅ ጥቂት ነበር። በላሜራው ላይ የመጀመሪያውን ቀለም ይቀቡና ሰሌዳውን ከቦታው ላይ ለጊዜው ያቆሙታል። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ። ወጣት አይመርጡም። መነጽሯን ቤቷ ረስታ የወጣች እናት፣ ወይም ከቅዳሴ የሚመለሱ ሽማግሌ ካገኙ ደስታቸው ነው። «እባክዎን እዚያ ማዶ የተጻፈው ምን ይላል?» ይላሉ። ሰውየው ሳይደናቀፍ ካነበበው ሁለተኛው ቀለም ይቀባል፣ ለፊደሉም ጥላ ይወጣለታል። ከተደናቀፈ ግን ባለሱቁ ቢጮኽም ባይጮኽም ይፋቃል። «ያልተነበበ ጽሑፍ እድፍ ነው» ይሉ ነበር። ጸሎት ከትምህርት ቤት መልስ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታይ ነው ያደገችው። ዛሬ በትልቅ ስም ተጠርቶ፣ በስላይድ ተደርድሮ የሚቀርበው ጥናት እኮ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣና ብሩሽ ተሰቀለ። በኋላ ደግሞ ይኖሩበት የነበረው ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ፈረሰ፤ እናቷ ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር አባትና ልጅ ብቻቸውን ዕቃቸውን ጠቅልለው ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አቶ ሉልሰገድ ግን ፒያሳን መተው አልሆነላቸውም። በየማለዳው ታክሲ ተሳፍረው ይመለሱ ነበር። በመጨረሻም አንድ ኬክ ቤት በራፍ ላይ መኪና ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ፤ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰው፣ የትኬት ጥራዝ ይዘው። ያ ኬክ ቤት ደግሞ ከጸሎት ቢሮ በታች፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ታስቦበት ቢደረግ እንኳ እንዲህ አይገጥምም ብለው አቶ ሉልሰገድ ተደስተው፣ «እንግዲህ ምሳ አብረን ነው የምንበላው» ብለዋት ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለሥራው ስትጠየቅ፣ የድርጅቱ ኃላፊ እፀገነት «ይሄ የዲዛይን ነገር ከየት መጣብሽ?» አለቻት። ጸሎትም «አባቴ ዲዛይነር ነው» አለች። ውሸት ነው ለማለት አያስደፍርም። ቆይቶ ግን ምሳ ላይ አንድ ባልደረባዋ የአባትሽ ቢሮ የት ነው ብሎ ጠየቃት፤ ሌላው ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ልምዱን ለምን አያካፍለንም አለ። ጸሎት እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ እንደያዘች «ናይሮቢ ነው ያለው» አለች። ለምን ናይሮቢ እንዳለች እሷም አታውቀውም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ናይሮቢ ያለው አባት ሥራ በዝቶበት ቀረ፣ ለፋሲካ ሳይመጣ ቀረ፣ ጭራሽ አንድ ጊዜ ትልቅ ውድድር አሸነፈ።

ስለዚህ ምሳ አብሮ መብላት አልተቻለም። «ምሳ ሰዓት ስብሰባ አለብን፣ አባዬ» አለች። በኬክ ቤቱ በኩል ከመግባት ይልቅ ከኋላ፣ የዕቃ ማራገፊያውን በር ትጠቀም ጀመር። አንድ ጠዋት ብቻ ከእፀገነት ጋር ድንገት ተገናኝተው በፊት ለፊት ሲገቡ አባቷን ፊት ለፊት አገኘቻቸው። እፀገነት መኪናዋን የምታቆመው እዚያው ስለነበር «ደህና አደሩ አባባ» አለቻቸው። አቶ ሉልሰገድ ልጃቸውን አዩ፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት አዩ፤ ከዚያ አቀርቅረው ትኬት ላይ ታርጋ መጻፍ ያዙ። ፊታቸው የቆመ መኪና ግን አልነበረም። ጸሎት አላየኝም ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲፈልግ ምስክር አያጣም።

በዚያ ሰሞን የሚሠሩት አፕ «ተራዬ» የሚባል ነበር። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የጤና ጣቢያ ወረፋ እንዲይዝ ነው። ያሠራቸው ድርጅት ተወካይ ወይዘሮ መይሙና ሥራው ለሽማግሌዎች መመቸቱ እንዲፈተሽ አዘዙ። ፍተሻው ደንብ አለው፤ ደንቡን የጻፈችው ራሷ ጸሎት ናት። ተሳታፊው ስልኩን ይዞ የታዘዘውን ይሞክራል፣ ጠያቂዋ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች። መርዳት ክልክል ነው። ቢጨነቅም፣ ቢለምንም፣ ቁልፉን በጣት ማሳየት የለም። ካሜራው እጁንና ስክሪኑን ይቀርጻል፣ ሌሎቹ በሚቀጥለው ክፍል ሆነው በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። ዘመድ ወይም ትውውቅ ያለው ሰው ከመጣ ደግሞ ውጤቱ ተሰርዞ ይወጣል፤ ሰው ለሚያውቀው ያደላልና። ይህን ሥራ በደንብ ከተወጣች የዲዛይን ቡድኑ መሪነት የእሷ እንደሚሆን እፀገነት ቃል ገብታላት ነበር።

ተሳታፊ የሚመለምለው ራጉኤል የሚባል የቢሮው ልጅ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ አምስት ሰዎች ከአካባቢው እንዲያመጣ ተነግሮት፣ ሦስቱን ከጊዮርጊስ አጸድ አገኘ። አራተኛውን ፍለጋ ብዙ አልራቀም።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ራጉኤል «አራተኛው ተሳታፊያችን» ብሎ አስገባቸው። አቶ ሉልሰገድ ናቸው። ሰደርያቸውን አውልቀው አጥፈው በክንዳቸው ይዘዋል፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። አራተኛ ፎቅ ሲባሉ የልጃቸው ቢሮ መሆኑን ስላወቁ ፊታቸው እንደ ምረቃዋ ቀን በርቶ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። ስሟን ሊጠሩ እንደነበር ከከንፈራቸው አነበበችው።

ቀደመቻቸው። «እንደምን አረፈዱ አባባ። እንኳን ደህና መጡ፤ እዚህ ጋ ይቀመጡልኝ» አለች።

ዓይኗን በጨው አጥባ፣ አንተ ስትለው ያደገችውን አባቷን አንቱ አለችው። የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። በሚቀጥለው ክፍል እፀገነት አለች፣ ሱፊያን አለ፣ ናይሮቢን የሚያውቅ ሁሉ አለ። አቶ ሉልሰገድ ለጥቂት ጊዜ እንደቆሙ ቀሩ። ቀይዋን መብራት አዩ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲጠፋ ጸሎት አየችው፤ ያን ማየት እንደሌለባት እያወቀች አየችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ልጅ። እንደምን አረፈድሽ» አሉና ተቀመጡ። ማንም ሽማግሌ ማንንም ልጅ እንዲህ ስለሚል በሚቀጥለው ክፍል የተጠራጠረ አልነበረም።

ጸሎት ወረቀቷን አነሳችና የተጻፈውን አነበበች። የምንፈትነው አፑን እንጂ እርስዎን አይደለም። ስህተት የሚባል ነገር የለም። የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይንገሩኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ገባች። «ጉልበትዎን አሞዎታል እንበል፣ አባባ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ተራ ይያዙ።»

«እንበል» አሉ አቶ ሉልሰገድ። የግራ ጉልበታቸውን ትናንት ማታ በቅባት ያሸችላቸው እሷው ነበረች።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት። ጽሑፉ ቀጭንና ግራጫ ነው፤ ጸሎት «ዘመናዊ» ብላ የመረጠችው። በደንቡ መሠረት መነጽር መጠየቅ ስላለባት «መነጽርዎን አልያዙም?» አለች።

«እግሩ ተሰብሮ ልጄ ልታሠራልኝ ወስዳዋለች። ሥራ በዝቶባት ነው።»

መነጽሩ ተሠርቶ ከሦስት ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ቦርሳዋ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር፣ እግሯ አጠገብ ነው። ጎንበስ ብላ ማውጣት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። ጸሎት አልጎነበሰችም። በእግሯ ቦርሳውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው።

እንደምንም ጤና ጣቢያውን መረጡ፣ ቀኑን መረጡ። ቀጥሎ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ መንካት ነበረባቸው። ቁልፉ በነጭ መደብ ላይ ያረፈ እጅግ የደበዘዘ አረንጓዴ ነው። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ብቻውን ተንከራተተ፤ ሰዓቱን ነካ፣ ባዶውን ነካ፣ ቁልፉን ዘሎት ሄደ። ያ ጣት የፒያሳን ሱቅ ሁሉ ስም የጻፈ ጣት ነው። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ።

ቀና ብለው አዩዋት። «የኔ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ የቱን ልንካ?»

ለዚህ ጥያቄ በወረቀቷ ላይ የተጻፈ መልስ አለ። «እርስዎ ቤትዎ ብቻዎን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለች።

አቶ ሉልሰገድ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ «ብቻዬን ብሆን ልጄን እጠይቃለሁ» አሉ።

ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ተሰማ። የሱፊያንን ሳቅ ለየችው። ወረቀቱ ሁለተኛ ጥያቄ ነበረው፤ ጸሎትም መዝለል ስትችል አልዘለለችውም። «ልጅዎ አጠገብዎ ባትኖርስ?»

«እስክትመጣ እጠብቃታለኋ» አሉ።

በስንት ዳዴ ቁልፉን ሲያገኙት አፑ ስም ከነአባት ይሙሉ አለ። አቶ ሉልሰገድ ጣታቸውን አንስተው ቆሙ። ዓይናቸው የጸሎት አንገት ላይ ወደተንጠለጠለው መታወቂያ ሄደ። «ጸሎት ሉልሰገድ» ይላል፤ ከሩቅ እንዲነበብ ብላ ፊደሉን ያወፈረችው ራሷ ናት። መነጽር የሌለው ሽማግሌ ሳይደናቀፍ ያነበበው በዚያ ቀን እሱን ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱና አንድ በአንድ፣ ፊደል እየለቀሙ ጻፉ። ሦስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ስክሪኑ ላይ «እምሩ መብራህቱ» ይል ነበር።

ጸሎት እምሩ መብራህቱ የሚባል ሰው አታውቅም። ምን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባት። የራሳቸውን ስም እሷ አንገት ላይ ስላዩት ተዉላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬት ግን እንዲህ ባለ ጊዜ አትከፈትም።

ሥራውን ሳይጨርሱ ጊዜው አለቀ። ጸሎት ከ«ተሳታፊ አራት» ጎን «አልተሳካም» ብላ ምልክት አደረገች። ራጉኤል የስልክ ካርድ ሰጣቸው። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው «እግዜር ያክብርሽ፣ የኔ ልጅ» አሏት። «እናመሰግናለን አባባ» አለች።

ከመውጣታቸው እፀገነት ገባች። «የፓርኪንጉ አባባ እኮ ናቸው! እምሩ ነው ለካ ስማቸው። ይኸው ስንት ወር መኪናዬን ሲጠብቁ አንድ ቀን ስምዎ ማነው ብያቸው አላውቅም፤ አያሳፍርም?» አለች። ጸሎት ያሳፍራል አለች።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ቤት ስትደርስ አባቷ ቀድመዋት ገብተው ሽሮ አሙቀው ጠበቋት። መነጽሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንስተው አደረጉት፣ በመስኮት ወደ ውጭ አዩበት፣ «ጎበዝ፣ በደንብ ነው የሠሩት» አሉ። መቼ እንደተሠራ አልጠየቋትም። ከኪሳቸው የስልክ ካርዱን አውጥተው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ይቺን አንድ ቢሮ ሰጡኝ። አንቺ ሙዪው፤ እኔ የምደውልለት ሰው የለኝም።»

ጸሎት እንጀራውን ቆርሳ መጉረስ አቃታት። እሳቸው ግን እየበሉ ቀጠሉ። «ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር አስነኩኝ። መቼስ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አንዲት ቁልፍ አለች፣ ጥላ የላትም። በነጭ ላይ ነጭ እንደመጻፍ ነው። ከመንገድ ማዶ ሳያስነብቡ ነው ሁለተኛውን ቀለም የቀቡት።» አንድ ጊዜ ጎረሱና «የምትጠይቀው ልጅ ግን ጨዋ ናት» አሉ። «ሰው አክባሪ ናት።»

ይህን የተናገሩት በምፀት ቢሆን ኖሮ በቀለላት። አቶ ሉልሰገድ ምፀት አያውቁም። የምትወጣበት በር እየከፈቱላት ነበር፤ ልጅቷ ሌላ ናት፣ አንቺ አይደለሽም እያሏት። ጸሎት ይቅርታ ልትል ነበር፤ ተወችው። ይቅርታ ብትል በሩ ይዘጋል፣ ያቺ ልጅ እሷ መሆኗ ይረጋገጣል። ሳህኑን አነሳችና ዕቃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት በኋላ በር ልትገባ ስትል የእፀገነትን ድምፅ ከወዲያ በኩል ሰማች። «ጋሽ እምሩ! እንደምን አደሩ?»

«አቤት፣ እንደምን አደርሽ» አሉ አባቷ።

ጸሎት በሩን እንደያዘች ቀረች። ስድሳ ስምንት ዓመት ሉልሰገድ ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ እሷ ሥራ እንዳታጣ ብለው እምሩ ሲባሉ አቤት ይላሉ። የዚያን ዕለት ራጉኤልም በዚሁ ስም ጠራቸው፣ ሱፊያንም ጠራቸው፣ እስከዚያ አባባ ብቻ ይሏቸው የነበሩት የኬክ ቤቱ አስተናጋጆች ሳይቀሩ ለመዱት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን ሰው ላይ ተጭኖ እየከበደ ሄደ፤ የተሸከሙላት ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው።

ሰኞ ስብሰባ ሆነ። ወይዘሮ መይሙና መጥተዋል። ሱፊያን ከአምስቱ ተሳታፊዎች ቪዲዮ የተመረጠውን ቀጣጥሎ ነበርና ከፈተው። ተሳታፊ አራት ላይ ሲደርስ ክፍሉ አስቀድሞ ፈገግ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው አንድ የሚንከራተት አውራ ጣት ብቻ ነው። «ብቻዬን ብሆን ልጄን እጠይቃለሁ።» ሳቁ። «እስክትመጣ እጠብቃታለኋ።» ሱፊያን «ሼባው ነፍስ ናቸው እኮ» ብሎ ያቺን ብቻ መልሶ አጫወታት፤ እንደገና ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ሰው የሚወደውንም ሽማግሌ ይስቅበታል።

ወይዘሮ መይሙና ግን የሥራ ሰው ናቸው። «እንግዲህ መልሱን ራሳቸው ሰጥተውናል» አሉ። «ልጅ ያለው ልጁ ይነካለታል። ለሽማግሌ ስንል ያማረውን ዲዛይን ከምናበላሸው ባለበት ይሂድ። ቀኑም ደርሷል።»

እፀገነት ወደ ጸሎት ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ? አጠገባቸው የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ቪዲዮው ቆሞ ጣቱ ነጩ መደብ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ጥፍሩ ሥር ቆዳው ውስጥ ሰርጎ የቀረ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ ብሩሽ ከተሰቀለ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ያልለቀቀ። ጸሎት ያን ቀለም እያየች ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ስማማለሁ ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል፣ መሪነቱም ይመጣል፣ ጋሽ እምሩም ጋሽ እምሩ እንደሆኑ ይኖራሉ።

«ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች» አለች።

«ማን?» አለች እፀገነት።

«ልጃቸው። የቱን ልንካ ብለው ጠየቋት። አልነገረቻቸውም። መነጽራቸው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ አልሰጠቻቸውም።» ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ቢሆንም አላቆመችም። «አባቴ ነው። ስሙ እምሩ አይደለም። ሉልሰገድ ነው። የዚህን ሰፈር ማስታወቂያ ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ናይሮቢ ማንም የለኝም።»

ሱፊያን ቴሌቪዥኑን አጠፋው። እፀገነት መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው አነበበችው፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። በዓይኗ የዞረው ስንት ጠዋት ለሽማግሌው የሰጠችው አሥር ብር መሆኑን ጸሎት ጠረጠረች። እፀገነት «ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ዘመድ ከሆነ ይወጣል።»

ይወጣል። ጸሎት ይህን ታውቅ ነበር፤ ግን ሲባል ስትሰማው ሌላ ሆነባት። አባቷን ስትክድ ሙከራቸው ተቆጠረ። አባቴ ነው ስትል ግን ያ ሁሉ ላባቸው ከሰንጠረዡ ተፋቀ። በገዛ እጇ የአራተኛውን መስመር ሰረዘች። ወይዘሮ መይሙና ፍተሻው በሌላ ሰው ጠያቂነት እንደገና እንዲደረግ፣ ቁልፉም እስከዚያ እንዳይጸድቅ አዘው ወጡ። ስለ ቡድን መሪነት ያነሳ አልነበረም፤ አለመነሳቱም መልስ ነው።

ጸሎት ዕቃዋን ስትሰበስብ ሱፊያን አጠገቧ ቆመ። አራዳነቱ ሁሉ ጠፍቶ እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቷል። «እኔ ነኝ ከሁሉ በላይ የሳቅኩት» አላት። «ወላሂ ፋዘርሽ መሆናቸውን ባውቅ…» ብሎ ጀመረና የባሰ ነገር እየተናገረ መሆኑ ገብቶት ተወው። «ልውረድና ይቅርታ ልጠይቃቸው። አብረሽኝ ውረጂ፤ ብቻዬን ምን ብዬ እጀምራለሁ?»

ለብዙ ወራት ስትሸሸው በኖረችው የፊት በር ወጡ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። አቶ ሉልሰገድ ኬክ ቤቱ በራፍ ላይ ቆመው አንድ መኪና ወደ ኋላ እያስወጡ ነው፤ መነጽራቸውን አድርገዋል። ጸሎት በመንገዱ ላይ ሳለች የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ከእንግዲህ መደበቅ የለም፣ ነገ ምሳ አብረን እንበላለን ልትላቸው ነበር።

መኪናውን ሸኝተው ዞር ሲሉ አዩዋቸው፤ ልጃቸውንና አንገቱ ላይ እንደ እሷ መታወቂያ ያንጠለጠለውን ወጣት። ሰደርያቸውን አስተካከሉ። የትኬት ጥራዛቸውን አወጡና ባርኔጣቸውን በሁለት ጣት ነካ አድርገው፣ እሷን እንደ ማንኛዋም መንገደኛ እያዩ «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆች» አሉ። «መኪናችሁ የትኛዋ ነበረች?»

ሱፊያን የተዘጋጀበት ሁሉ ጠፋው፤ አቀረቀረ። ጸሎት አንድ እርምጃ ቀረበችና እጃቸውን ከነጥራዙ ያዘችው።

«አባዬ» አለች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

አቶ ሉልሰገድ በድንጋጤ ወደ ሱፊያን አዩ፣ ቀጥሎ ወደ አራተኛው ፎቅ መስኮት አንጋጠጡ። እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አስለቀቁና ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «ጸሎትዬ፣ ሰው አለ እኮ አጠገብሽ» አሏት።